ካልሲ በጋዝ

ነሐሴ ገባና የቆየው ጠባችን አገረሸ። የሕንፃችን ኮሚቴ በዚህ ሳምንት ሊፍቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል፦ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት የሕንፃውን ገጽታ ስለሚያበላሽ ክልክል ነው። በማኅተም! ፀሐይ ራሷ ገጽታዋን ካሳየችን የቆየችበት ወር ላይ መሆናችንን ማን በነገራቸው። 

ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቼ ሜሪላንድ ላለችው እህቴ ላክሁላት። «ይኼ ምን ያናድድሃል? በኮንቴይነር የጋዝ ማድረቂያ እልክልሃለሁ። አንተ ሞዴሉን ብቻ ምረጥ፤ ከኤሌክትሪኩ ይረክሳል፣ ቶሎም ያደርቃል» አለችኝ። ለእሷ እውነቷን ነው፤ እዚያ ጋዙ በቧንቧ ቤቷ ድረስ ይገባል። እኔ ባለሁበት ካዛንቺስ ግን ጋዝ የሚመጣው በሰው ትከሻ ነው።

ደግሞ ሞዴል ምረጥ ስባል ጠይቄ ነው የምመርጠው። ቂርቆስ ሲሊንደር የምቀይርበት ልጅ ዘንድ ሄድሁ። «ጋሼ፣ ሰው ለወጥ የሚሆን አጥቶ ይሰለፋል፣ እርስዎ ለካልሲ?» አለኝ። ሂሳቡንም ሠራነው፤ የእነዚያ ማሽኖች እሳት በሰዓት ግማሽ ኪሎ ያህል ጋዝ ይበላል። ባለ 12 ኪሎ ተኩሉ ሲሊንደር ሃያ አምስት ሰዓት ነዶ አለቀ ማለት ነው፤ ያውም ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ጋዝ። የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ በ1960ዎቹ ተገኝቶ የመጀመሪያው ማምረቻ የተመረቀው በመስከረም 2018 ነው፤ ወደ ቤታችን የሚያስገባው ቧንቧ ደግሞ የለም።

ጋዙ ተገኘ እንበል። የአሜሪካው ማሽን የተሠራው ለቧንቧ ጋዝ ስለሆነ ለሲሊንደር እንዲሆን ጋዝ የሚተፋበት ቀዳዳው ይቀየራል። ሞተሩ በ120 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ትራንስ ይፈልጋል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ እሳት እዚህ በቂ ኦክስጅን አያገኝም። በደንብ ያልነደደ ጋዝ ምን እንደሚያመጣ በክረምት ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ በር የዘጋ ቤተሰብ ያውቀዋል። ስለዚህ ጭሱ በቧንቧ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወዴት? በበረንዳው በኩል! ለሕንፃው ገጽታ ከእኔ ሸሚዝና ከዕድሜ ልክ ቧንቧ የቱ እንደሚሻል ኮሚቴው ይወስን።

የግድ ማሽን ይሁን ከተባለ ጭስ ማውጫ የማይፈልገውን፣ ሙቀቱን እያዞረ ደግሞ የሚጠቀምበትን የኤሌክትሪክ ማድረቂያ እመርጣለሁ፤ ከተራው ግማሽ ያህል መብራት ነው የሚፈጀው። እሱም ቢሆን ምጣዱ ከተጣደ መጠበቅ አለበት። ነጠላና ጋቢማ የሚነሣ ነገር አይደለም። ባለቤቴ «የእጅ ፈትል እሳት ውስጥ የሚያሽከረክር ሰው ትዳር አይፈልግም» ብላ ዘግታዋለች።

በ2017 የፈረሰው የድሮው ሰፈራችን ማሽን አልነበረውም፤ ሽቦ ነበረው። ከአንዱ ቤት ቆርቆሮ እስከ ሌላው ግንድ የተወጠረ የጋራ ሽቦ። አንሶላ ከፊት ይሰጣል፣ የውስጥ ልብስ ከአንሶላው ጀርባ። ማን አዲስ ፒጃማ እንደገዛ፣ የማን ልጅ አልጋ ላይ እንደሚሸና ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ይኼን ይኼን አልናፍቅም። ግን ሰማዩ ሲጠቁር ቤት የተገኘ ሰው የሁሉንም ልብስ ያነሣ ነበር። ማታ ካልሲያችሁን ከጎረቤት ትለቅማላችሁ፣ ቡና ፈልቶ ይጠብቃችኋል።

ከዚያ ግቢ የወጡት ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። እኔ ኮንዶሚኒየም ስወቅስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ግድግዳውን፣ ደረጃውን፣ ርቀቱን። አንድ ነገር ግን አይካድም፦ ያንን ንድፍ ያወጡ ሰዎች እዚህ አገር ሰው በግ እንደሚያርድ፣ እንጀራ እንደሚጋግር፣ ልብስ አጥቦ እንደሚያሰጣ አስታውሰው ኮሙናል የሚባለውን ቤት ሠርተዋል። በየቦታው ተቆልፎ ወይም ለሌላ ሥራ ውሎ ማየታችን የንድፉ ጥፋት አይደለም። የእኛ ባለ መስታወት አፓርታማ ጂም አለው፣ የእንግዳ መቀበያ ሶፋ አለው። እርጥብ ፎጣ የሚሰቀልበት አንድ ክንድ ቦታ ግን የለውም። አርክቴክቱ ልብሱን የሚያጥብለት ሌላ ሰው መሆን አለበት።

«ዘመናዊ ከተማ ውስጥ ልብስ አይሰጣም» የሚሉኝ ጎረቤቶቼ ኔፕልስ ሲሄዱ የመጀመሪያ ፎቷቸው በመንገድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ሥር ነው። ካዛንቺስን የቆረቆሩት እኮ የኔፕልሶቹ ወገኖች፣ ጣሊያኖች ናቸው።

ሰገነታችን ደግሞ ባዶ ነው፤ ከታንከሮቹ በቀር ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ቁልፉ በኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ ነው። ቅዳሜ ስብሰባ አለ፣ አጀንዳ አስይዣለሁ፦ ሽቦውን እኔ እገዛለሁ፣ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ይቀመጥ። የሚቃወም ካለ ከነምክንያቱና ከነእርጥብ ጋቢው ይምጣ።