«ቅንፍ ውስጥ ከሆነ በተቃራኒው» የሚለው ሕግ ይቅር

ተማሪ የፈንክሽን ግራፍ ማንሸራተት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸመድደው ይህን ነው፦ ቁጥሩ ከቅንፍ ውጭ ከሆነ እንደ ምልክቱ፣ ቅንፍ ውስጥ ከሆነ በተቃራኒው። ዋይ = ኤክስ² + 3 ፓራቦላውን በ3 ከፍ ያደርገዋል፤ ዋይ = (ኤክስ − 3)² ደግሞ፣ መቀነስ እያለ፣ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ የሚሰጠው መልስ «ሕጉ ነው» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ግን የለም።

የመጀመሪያውን ኢኩዌሽን ዋይ − 3 = ኤክስ² ብለን እንጻፈው። ምንም አልተለወጠም። በኤክስ ቦታ ኤክስ − 3 ሲገባ ግራፉ በ3 ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በዋይ ቦታ ዋይ − 3 ሲገባ በ3 ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ወደ ፖዘቲቩ አቅጣጫ ናቸው። ተቃራኒ ያስመሰለው 3ን ከእኩል ምልክቱ ማዶ አሻግረን መጻፋችን ብቻ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ይኸው ተማሪ ሌላ ምዕራፍ ላይ የክብ ኢኩዌሽን ሲያይ፣ (ኤክስ − 3)² + (ዋይ − 2)² = 25 ማዕከሉ (3፣ 2) መሆኑን ሳይደናገር መናገሩ ነው። ነገሩ አንድ ነው፤ አንድ መሆኑን የሚነግረው ግን አያገኝም።

ጉዳቱ ገሃድ የሚወጣው ሪፍሌክሽን ሲጨመር ነው። ዋይ = √(3 − ኤክስ)ን እንውሰድ። ተማሪው «3 ተደምሯል፣ ስለዚህ ወደ ግራ 3፤ ኤክስ ነጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ በዋይ አክሲስ ይገልበጥ» ይላል። የትኛው እንደሚቀድም ግን ሽምደዳው አይነግረውም። መጀመሪያ ገልብጦ ኋላ ካንሸራተተ ግራፉን ከ−3 ያስጀምረዋል። −3ን ኢኩዌሽኑ ውስጥ ቢያስገባ √6 ያገኝ ነበር እንጂ ዜሮ አያገኝም፤ ስህተቱንም እዚያው ያየው ነበር። አያስገባም፤ ሕግ ይሸመደዳል እንጂ ይፈተሻል ብሎ ያስተማረው የለምና።

ጊዜ የለም፣ ፈተናውም ምርጫ ነው የሚሉ መምህራን ጫናቸው እውነት ነው። በአገራችን 2ኛ ደረጃ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ምክንያትን ከማብራራት ሕግን ማስጻፍ ይቀላል። ቢሆንም አንድ ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ሕግ ያጥራል፣ በአማርኛም ይጠየቅ፦ ሥሩ ውስጥ ያለው ዜሮ የሚሆነው ኤክስ ስንት ሲሆን ነው? 3 ሲሆን። ኤክስ ከ3 ሲያንስስ? ፖዘቲቭ ይሆናል። እንግዲያው ግራፉ ከ3 ተነስቶ ወደ ግራ ይሄዳል።