የወደቀው ተማሪው ብቻ አይደለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጩኸት እንሰማለን። «ትውልዱ አያነብም»፣ «ቲክቶክ ጨረሰው»፣ «ኩረጃ ለምዶ ነው»። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጆች ወደ 97ቱ ሲወድቁ ልጆቹን መውቀስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። እነዚህን ልጆች ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያስተማራቸውን መምህር ማን መረጠው? እንዴትስ አሠለጠነው?

ፊንላንድ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ለመሆን ማስተርስ ያስፈልጋል። ዕጩው ፊዚክሱን ከዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል ይማራል፤ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት ያህል የማስተማር ሥልጠና ይወስዳል። ልምምዱን የሚያደርገው ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶች ነው፤ ለምሳሌ በሄልሲንኪው ቪኪ። እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ያስተምራል፣ ነባር መምህር ከኋላ ተቀምጦ ያየዋል፣ ያርመዋል።

ሲንጋፖር ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴሩ መጀመሪያ ይመርጣል፣ ይቀጥራል፣ ከዚያ በብሔራዊ የትምህርት ተቋሙ ያሠለጥናል። ሠልጣኙ ገና እየተማረ ደመወዝ ይበላል። በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ግዴታ ይፈርማል።

እኛስ? በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ አስገባንና መምህሩን ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ አደረግነው። ቀጥሎ 70/30 ብለን አብዛኛውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ነዳን፤ «ለ70ው የሚሆን መምህር ከየት ይምጣ?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ፒጂዲቲ መጣ፦ በሌላ ሙያ የተመረቀ ወጣት አንድ ዓመት ይጨምርና መምህር ይባላል። እዚያ የገባው ሁሉ ማስተማር ፈልጎ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲድና ቤዝ ቀላቅሎ የማያውቅ ተመራቂ፣ ቤተ ሙከራ ወደሌለው ትምህርት ቤት ተመደበ። ልጆቹም ሙከራውን ከጥቁር ሰሌዳ ገለበጡ።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ገንዘብ ልዩነት አለው። ግን ቅደም ተከተሉ ገንዘብ አይጠይቅም፦ መጀመሪያ ምረጥ፣ ቀጥለህ እውነተኛ ክፍል ውስጥ አለማምድ፣ በመጨረሻ መድብ። እኛ ከኋላ ጀመርን። ደግሞም ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተያያዘው የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪዎችን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየሰበሰበ ወደ መምህርነት ያዘጋጅ ነበር። ያንን የተውነው እኛው ነን።

ዛሬ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ በየአጥሩ ጥግም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይጠፋም። ሁለቱን ማገናኘት አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። በገዛ እጁ ሙከራ ሠርቶ ያላስተማረን ሰው በሳይንስ መምህርነት አለማስመረቅም እንደዚያው። ለተመረጠው ሠልጣኝ ደመወዝ መክፈል ግን ገንዘብ ይፈልጋል። በየዓመቱ ስንት መቶ ሺህ ወጣት ፈተና ላይ እየጣልን የምንከፍለው ከዚህ ያንሳል ብሎ የሚያምን ካለ፣ ሒሳቡን ያሳየን።