አሮጌውን የቪዲዮ ካሜራ ከመሸጣችን በፊት



እዚህ ቤር ሼቫ በብዙዎቻችን ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ አሮጌ የቪዲዮ ካሜራ አለ። ልጆች አዲስ ሲገዙ «አባዬ፣ ይሄ ምን ያደርጋል? እንሽጠው» ይሉናል። እኛም ቶሎ እሺ እንላለን።

ቆይ እንበል። የፎቶ ካሜራ ቢሸጥ ግድ የለም፤ ፎቶውም ፊልሙም እጃችን ላይ ይቀራል። የካሴቱ ቪዲዮ ካሜራ ግን ሌላ ነው። ትንንሾቹ ካሴቶች፣ ሃይ8ም ሆነ ሚኒ ዲቪ፣ ተራው የቤት ማጫወቻ ውስጥ አይገቡም፤ የሚያጫውታቸው ያው ካሜራው ነው። የትልቁን ካሴት ማጫወቻ እንኳ ፉናይ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ2016 መሥራት አቁሟል። ካሴቱም ራሱ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይበላሻል።

በካሴቶቹ ላይ ያለው ምንድን ነው? በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከመጣን በኋላ የደገስነው ሰርግ፣ ለስግድ ኢየሩሳሌም የወጣንበት ቀን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ የቄሶቻችንና የእናቶቻችን ድምፅ። ከአገር ስንወጣ ፎቶ የያዝን ጥቂቶች ነን። የልጅ ልጆቻችን አያታቸው በአማርኛ ወይ በትግርኛ ሲመርቁ የሚሰሙት ከዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር እናስገልብጥ። እስከ መጨረሻው አይተን እናረጋግጥ፤ ሁለት ቦታም እናስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ካሜራው ይሸጥ። ለመቶ ሸቀል ብለን የእናታችንን ድምፅ አብረን እንዳንሸጥ።