የገጽ ውበትና የበር መዝጊያ

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ከከተማይቱ ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች ጭምር ያውቁታል፤ የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም. ካወጣቸው የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች አንዱ «ኦጎልቾ» ይባላልና። የአርሲ ገበሬ ዘር ሲመርጥ የዛላውን ማማርና የምርቱን ብዛት ብቻ አይቶ አያበቃም፤ ዋግን የሚቋቋምበት ኃይል ከውስጡ አለው ወይ ብሎም ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ያስተማረው መከራ ነው። በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መጸው ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ፥ በምርታማነቱ ተወድዶ በብዙ ማሳ ላይ ተዘርቶ የነበረው ኩብሳ የተባለው ስንዴ ክፉኛ ተጎድቷል። ማሳው ለዓይን ያማረ ነበር፤ የጎደለው ከውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ኃይል ነው።

ይህን የገበሬ ጥበብ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ለማስታወስ የወደድነው፥ ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ ስለሚገኘው ኮምፒዩተር ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ ስላሰብን ነው። በኦጎልቾም ሆነ በአሰላ፥ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፥ አንድ ወጣት ኮምፒዩተር በእጁ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ገጹን ማስጌጥ ነው። የቤተሰቡን ወይም የአገሩን ተራራ ሥዕል ከገጹ ላይ ያሳርፋል፤ ቀለሙን ይለውጣል፤ የፊደሉን መጠን ያስተካክላል፤ መዝገቦቹን እንደሚመቸው ይደረድራል።

ይህን የምንነቅፍ አይደለንም። ሰው የሚሠራበትን ቦታ ቢያሳምር ለሥራው ያለውን ፍቅር ያሳያል። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደሉን ቢያጎላ፥ ማታ የሚያጠና ተማሪ ብርሃኑን ቢቀንስ፥ ጸሐፊ ዘወትር የሚፈልጋቸውን መዝገቦች በቅርብ ቢያኖር፥ ይህ ሁሉ ለጤናም ለሥራም ጥቅም አለው። እነዚህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ፥ አንድም ጠባቂ ከቦታው እንዲነሣ አያስፈልግም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ አልፎ ሲኬድ ነው። የዊንዶውስን የመስኮቶችና የቁልፎች መልክ ከሥሩ ለመለወጥ የሚሻ ሰው፥ ዊንዶውስ የማይክሮሶፍትን የማረጋገጫ ፊርማ ያልያዘ የመልክ ፋይል የማይቀበል መሆኑን ይደርስበታል። ስለዚህ ይህን የሚቆጣጠረውን የሥርዓቱን ፋይል እስከ መለወጥ ይሄዳል። በአፕል ማክ ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። ከ2008 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ኩባንያው የሥርዓቱን ዋና ዋና ፋይሎች ባለቤቱ ራሱ እንኳ በቀላሉ እንዳይነካቸው በጥበቃ ሥር አድርጓቸዋል። ይህም የሆነው የባለቤቱን ስም ይዞ የሚገባ ክፉ ፕሮግራም፥ ባለቤቱ የሚችለውን ሁሉ እንዳይችል ነው። መልኩን ከመጠን በላይ ለመለወጥ የሚሹ አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ይህን ጥበቃ አጥፉልን ይላሉ።

እንግዲህ ግድግዳን ቀለም መቀባት አንድ ነገር ነው፤ ቀለሙ እንዲያምር መዝጊያውን ነቅሎ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህም በላይ፥ መዝጊያው ሲነቀል የሚገባው ቀለም ቀቢው ብቻ አይደለም። ጥበቃው አንድ ጊዜ ከጠፋ ለሁሉም ጠፍቷል፤ ለተወደደው ፕሮግራም ተከፍቶ ለማይታወቀው የሚዘጋ በር አይሆንም። ጥበቃውን አጥፋልኝ የሚለው ፕሮግራምም ራሱ ማን እንደ ሠራው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የማያውቀውን እንግዳ ቤቱ ለማስገባት ብሎ ዘበኛውን የሚያሰናብት ሰው ቢዘረፍ፥ ሌባውን ብቻ ሊወቅስ አይችልም።

«ኮምፒዩተሩ የገዛ ገንዘቤ ነው፤ በሩቅ አገር ያለ ኩባንያ ስለምን ያዝዝብኛል?» የሚል ወጣት ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥበቃም ሲበዛ ያሰለቻል። ማይክሮሶፍት በ1999 ዓ.ም. ዊንዶውስ ቪስታን ባወጣ ጊዜ፥ ኮምፒዩተሩ በየጥቂቱ «ትፈቅዳለህን?» እያለ ስለጠየቀ ብዙ ሰው ተማርሮ ነበር፤ ኩባንያውም በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ዊንዶውስ 7 ጥያቄውን ቀንሶታል። ደጋግሞ የሚጮኽ ዘበኛ ሰሚ ያጣልና ይህ ተገቢ እርምት ነበር። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ዘበኛውን ልክ ማስያዝ እንጂ ማባረር እንዳልሆነ ከዚሁ እንረዳለን። መልክን እንደ ልቡ መለወጥ ለሚወድ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለለት። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የገጹ አሠራር ለለውጥ ክፍት ሆኖ ስለተዘጋጀ፥ ጥበቃውን ሳያፈርስ ብዙ ማስጌጥ ይችላል።

በአገራችን ጥበቃን ለማጥፋት የሚቀርብ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም በአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተቀዳ የሚዞር፥ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ አልጫን ሲል፥ «የቫይረስ መከላከያውን አጥፋውና ይጫናል» የሚለው ምክር በብዙ ቦታ ይሰማል። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ ከገባ፥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1999 ወዲህ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ከአማርኛ መጻፊያ ጋር ይዞ መጥቷል። በገዛ ቋንቋችን ለመጻፍ በር መስበር ያስፈልግበት የነበረው ዘመን አልፏል።

ጥበቃን አለማጥፋት ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ መታደስም አለበት። ለዚህም ዳግመኛ ወደ አርሲ እንመለስ። ቢጫ ዋግን ተቋቁሞ የገበሬውን እምነት ያገኘው ዲገሉ የተባለው ስንዴ፥ በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣበትና ተሸነፈ። ተመራማሪዎች ስለዚህ ያለማቋረጥ አዲስ ዝርያ ያወጣሉ። በኮምፒዩተርም የሆነው ይኸው ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም ተነሥቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገር የሆስፒታሎችን ሥራ አስተጓጎለ። የሚያሳዝነው፥ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ መጋቢት 5 ቀን፥ ማለት ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ አውጥቶት ነበር። ማሻሻያውን «ኮምፒዩተሬን ያዘገይብኛል» ብሎ የተወ ሁሉ ተጋለጠ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ዘመን መሣሪያም ይሠራል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ በዚህ ሥርዓት የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩን ቸል ሊሉት አይገባም።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከተማሪው የበለጠ ኃላፊነት አለበት። ተማሪ በገዛ ኮምፒዩተሩ ቢሳሳት የሚጠፋው የራሱ ጽሑፍ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለው ኮምፒዩተር ግን የገበሬው የመሬት ይዞታ፥ የነጋዴው ግብር፥ የታማሚው ካርድ፥ የተማሪው ውጤት የሚገኝበት ነው። እነዚህ ሰዎች የገጹን ሥዕል አላዩም፤ ጥበቃው ሲጠፋም አልተጠየቁም። የይዞታው መዝገብ ቢጠፋ ግን ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተጉዞ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ የሚጉላላው ገበሬው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዙ ሁሉ እንዲጠብቁት ግዴታ ጥሎባቸዋል። ጠላትም ከሩቅ ይመጣል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሕዳሴው ግድብ ጉዳይ ሳቢያ፥ መቀመጫቸውን በግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የመንግሥት ድረ ገጾችን ለማጥቃት መሞከራቸውንና ሙከራው መክሸፉን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በዚያን ጊዜ አስታውቆ ነበር።

ስለዚህ ለወጣቶች የምንመክረው አጭር ነው። ሥዕሉን፥ ቀለሙን፥ ፊደሉን እንደ ወደዳችሁ ለውጡ። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም «መጀመሪያ ጥበቃውን አጥፋ» ባላችሁ ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ። የዘወትር ሥራችሁን በተራ ተጠቃሚ ስም ሥሩ፤ የአስተዳዳሪውን ስም ለሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ አቆዩት። ከሌላ የመጣውን ፍላሽ ሳታስመረምሩ አትክፈቱ። ማሻሻያ ሲመጣ አትዝለሉት። የሥራችሁን ግልባጭ በሌላ ስፍራ አኑሩ። ጥበቃው እውነተኛውን ሥራ ካገደባችሁም ራሳችሁ ከማጥፋት የመሥሪያ ቤቱን ባለሙያ ጠይቁ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። የኮምፒዩተርን ገጽ ማሳመር መጠምጠም ከሆነ፥ ከገጹ በስተጀርባ ማን እንደሚጠብቅና ስለምን እንደሚጠብቅ ማወቅ ትምህርቱ ነው። ይህን የተማረ ወጣት ገጹን ቢያስጌጥ ያምርበታል፤ ሕዝብ በአደራ የሰጠውን መዝገብም ከነሙሉነቱ ለተተኪው ያስረክባል።