እድር ይከስማል ለሚሉት

እድር የተቋም እጦት የወለደው ልማድ ስለሆነ ኢንሹራንስ ሲስፋፋ ይከስማል የሚለው ሰሞነኛ ጽሑፍ ከመነሻው ተሳስቷል። እድር የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዋጮ ያስተጓጎለውን ይቀጣል። ታዲያ ከተቋም ምን ጎደለው? ኢንሹራንስ ካሳ ይከፍላል እንጂ ድንኳን አይተክልም፣ ከሐዘንተኛ ጋር አያድርም። ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን ደግፈዋል፤ ለዚህ ያበቃቸው የአባላቱ መተዋወቅ ነው።

እርግጥ የእድር ካዝና የልብ ቀዶ ሕክምና አይችልም፤ ሰፈሩ በአንዴ በአደጋ ከተመታም አብሮ ይናጋል። በዚህ የጽሑፉ ባለቤት ልክ ናቸው። ነገር ግን በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን እንኳ አባላቱን የሚመዘግበው እንደ እድር ሁሉ ከሰፈር ተነስቶ፣ በየቤተሰቡ፣ በየቀበሌው ነው። ይልቅ ሊያሳስባቸው የሚገባው የእድር መኖር ሳይሆን፣ ነባር ሰፈሮች ለልማት ሲነሱ አባላቱ በየአቅጣጫው መበተናቸው ነው።