አንድ ቀን ብቻን በእግር ስለ መጓዝ

በትምህርት ቤት ሳለን ስለ ብዙ ነገር እንማራለን። የዓለምን ታላላቅ ወንዞች ስም፣ የተራሮችን ከፍታ፣ የበረሃዎችን ስፋት በቃላችን እናጠናለን። ይህ ሁሉ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ስለ ሩቅ አገር አሳምሮ እየተናገረ፣ ማለዳ ከደጃፉ ተነሥቶ ለመሸ ሊመለስበት የሚችለውን ሸለቆ የማያውቅ ከሆነ ትምህርቱ ጐደሎ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምወደው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተማሪ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን ብቻውን በእግሩ እየተጓዘ አገሩን ያይ ዘንድ ወላጆችና አስተማሪዎች ሊፈቅዱለት ይገባል የሚል ነው።

«ለምን ብቻውን? ከጓደኞቹ ጋራ ቢሄድ ምን ይጐድልበታል?» የሚለኝ አይጠፋም። የምኖረው በጥያ ከተማ ነው፤ ቤታችንም ከትክል ድንጋዮቹ ብዙ አይርቅም። ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ሲመጡ አያለሁ። ልጆቹ እየዘፈኑ ይወርዳሉ፤ አስጐብኚው ስለ 36ቱ ድንጋዮች፣ ከነዚህም ውስጥ ቅርጽ ስለ ተቀረጸባቸው 32ቱ፣ ስፍራውም እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ስለ መመዝገቡ ይነግራቸዋል፤ ሁሉም በስልካቸው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ከዚያም አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲያሰማ እየተሯሯጡ ይሳፈራሉ። ከነርሱ መካከል ከአንድ ድንጋይ ፊት ቆሞ የተቀረጹትን ጐራዴዎች የሚቈጥር ልጅ የማየው ከስንት አንዴ ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ሰው ከብዙ ጓደኛ ጋራ ሲሆን የሚያየው ጓደኛውን ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን አገሩን ያያል።

ይህን አሳብ በዘንድሮው የሚያዝያ ወር፣ ትምህርት በሌለበት ቀን፣ እኔ ራሴ ፈተንሁት። ፈቃድ ስጠይቅ አባቴ «ሴት ልጅ ብቻዋን በገደል አፋፍ ስትዞር ያየ ሰው ምን ይላል?» አለ። እናቴ ጥቂት አሰብ አደረገችና «ውሃ ልትቀዳ ብቻዋን ስትወርድ ሰው ምን አለ?» ብላ መለሰችለት። ከዚህ በኋላ የምሄድበትን መንገድና የምመለስበትን ሰዓት በዝርዝር ጠይቀው ፈቀዱልኝ። ቆሎ፣ አንድ ቁራሽ ቆጮና ሁለት ሊትር ውሃ ይዤ ወጣሁ።

ማለዳ ተሳፍሬ በአዲስ አበባው መንገድ መልካ ቁንጡሬ ወረድሁ። ስፍራው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አዋሽ በዚህ አጠገብ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ገደል ይገባል። ጸደይ ሲባል ብዙ ሰው የመስከረምን አበባ ያስባል፤ በአባቶቻችን አቈጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወራት ሣሩ ገለባ መስሏል፤ መንገዱ አቧራ ነው፤ የበልግ ዝናብ ጠብ ባለበት ብቻ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ብቅ ብሏል። የገደሉ ግድግዳ እንደ እንጀራ የተነባበረ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይና እሳተ ገሞራው የተፋው ዐመድ በየተራ ተደራርበዋል። በመጽሐፍ «የመሬት ንብርብር» የሚለውን ቃል ለፈተና አጥንቼው ነበር፤ ትርጕሙ የገባኝ ግን በዚያ አፋፍ ላይ ነው።

በዚህ ስፍራ የጥንት ሰው መሣሪያ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋለው ዴከር የሚባል የሆላንድ ሰው ነው። ሙያው የውሃ ጥናት እንጂ የጥንት ታሪክ አልነበረም፤ ይሁንና እያስተዋለ የሚሄድ ሰው የሚረግጠውን ድንጋይ ያያል። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ቈፍረው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ የሆናቸውን መሣሪያዎች አገኙ። ጐምቦሬ በሚባለው ክፍል 700,000 ዓመት ያህል የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ የጉማሬና የሌሎች እንስሳት፣ የአዋቂዎች፣ እንዲሁም የሕፃናት ዱካ ነው። በአቅራቢያው ያለው ባልጪት ደግሞ የጥንት ሰዎች መሣሪያ ይጠርቡበት የነበረው ባልጩት የሚገኝበት ነው። ሁለቱም ስፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚያ ጭቃ ላይ የሕፃናት እግር ከተራመደ፣ የኛ እግር እንዳይራመድ የሚከለክለው ምንድር ነው?

ወደ እኩለ ቀን ገደማ በኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ጀሪካን አዝላ ከገደሉ ስትወጣ አገኘኋት። በኦሮምኛ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ በኛ አገር ብቻውን ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ መርዶ ይዟል። ምንም እንዳልጠፋኝ፣ ለማየት ብቻ እንደመጣሁ ስነግራት ሳቀች። ቀጥላም ወደ ምዕራብ ደመናውን አሳይታ «ዛሬ ወደ ታች አትውረጂ፤ እዚህ ሳይዘንብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል» አለችኝ። ይህ በመጽሐፍ ያላገኘሁት ትምህርት ነው። እኔም በተራዬ ወንዙ ከታጠፈበት ወዲያ ምን እንዳለ ብጠይቃት «አልፌ አላውቅም፤ እዚያ ምን ሥራ አለኝ?» አለች።

ይህ ቃል እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ልጅቱ ወንዙን ከኔና ከአስተማሪዎቼ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን እግሯ ከሸክም በቀር ለሌላ ጕዳይ ተፈቅዶለት አያውቅም። ከዚያ መታጠፊያ ወዲያ አዋሽ ወደ ቆቃ ግድብ ይሄዳል፤ ቀጥሎም በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በረሃማውን ምድር ሰንጥቆ ከሁሉ የሚበልጠውን ገደል ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሉሲ የተገኘችበትን ሐዳርን አልፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 ይህን ወንዝ እስከ መጨረሻው ተከትሎ በመጓዙ ስሙ ተነሥቷል። እርሱ ግን ጠባቂዎችና ግመሎች ነበሩት። እኔ የምጠይቀው ይህን ያህል አይደለም፤ አንዲት ልጅ ያለ ጀሪካን እስከዚያ መታጠፊያ ትድረስ ነው የምለው።

የወላጆችን ሥጋት አላቃልልም። የሴት ልጅ ጠለፋ በአገራችን የነበረ፣ ፈጽሞም ያልጠፋ ክፉ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ ግን ይህን ሽሮታል። ሕጉ ጥፋቱን በጠላፊው ላይ ሲያደርግ፣ እኛ ቅጣቱን በልጅቱ እግር ላይ ብናደርገው ፍርድ አይሆንም። በሰባት ቤት ጉራጌ ዛሬም በታሪክ የምትነሣው የቃቄ ውርድወት በአንድ ለአንድ ጋብቻና በሴቶች መብት ነገር ከሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ቆማ ተከራክራለች። የኛ ጥያቄ ከርሷ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ሆኖም ብቻን መጓዝ ማለት እንደ ልብ መሆን ማለት አይደለም። ተጓዡ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ይሂድ፤ መንገዱንና የመመለሻውን ሰዓት ለቤተ ሰቡ ይንገር፤ ውሃ ይያዝ፤ በላይኛው አገር ደመና ሲከብድ ወደ ወንዝ አይውረድ፤ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ይመለስ። ከቅርስ ስፍራም አንዲት ባልጩት ስንኳ አያንሣ፤ ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ የሚናገረው ታሪክ ይጠፋልና።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ለዚህ ይወሰን። እያንዳንዱ ተማሪ በወላጆቹ ፈቃድ ከሰፈሩ ተነሥቶ ይጓዝ፤ የቡኢው በቡኢ፣ የቡታጅራው በዘቢዳር ግርጌ፣ የጥያው በጥያ ዙሪያ። ሲመለስ ያየውንና ከሽማግሌዎች፣ ከእረኞችና ከውሃ ቀጂዎች የሰማውን በሁለት ገጽ ጽፎ ለቤተ መጻሕፍታችን ይስጥ። በጥያ ሽማግሌዎች ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ይሏቸዋል፤ ሊቃውንት ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ የመቃብር ምልክቶች ናቸው ይላሉ። ሁለቱም ሊጻፉ ይገባል፤ የመጀመሪያው ያልተጻፈ እንደ ሆነ ከሽማግሌዎቹ ጋራ ይቀበራል። በአሥር ዓመት ውስጥ ልጆቿ የጻፉት የወረዳችን መጽሐፍ ይኖረናል።

ወላጆች ሆይ፤ ለገበያ፣ ለእንጨትና ለውሃ በየቀኑ ብቻችንን ትልኩናላችሁ፤ በደኅናም እንመለሳለን። ከ365ቱ ቀን አንዱን ለዕውቀት ብትልኩን ደግሞ፣ ስንመለስ የምንነግራችሁ ብዙ ይኖረናል።