ኮምፓስ የያዘ እጅ ሥዕል አይሥልምን?

ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት በተደረገ የሥዕል ውድድር ከዳኞቹ ጋር ተቀምጠን ነበር። ከቀረቡት ሥራዎች መካከል አንድ ተማሪ ከእናቱ ሰፌድ ወስዶ በኮምፓስና በማስመሪያ የነደፈው ባለስምንት ጫፍ ኮከብ ነበረ። ከዳኞቹ አንዱ ወረቀቱን አንሥቶ «ይህ የሒሳብ ደብተር እንጂ ሥዕል አይደለም» ሲል ፈረደበት። ሌሎቹም አጸደቁ፤ እኛም ዝም አልን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው አስቀድሞ በራሳችን ላይ የሚቀርብ ክስ ነው።

ሥዕል የስሜት፥ ጂኦሜትሪ ግን የደረቅ ስሌት ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም ይባላል። እንዲህ የሚሉት ሰዎች የዚያን ልጅ እናት ወስፌ ይዛ ስትሰፋ አይተዋት ያውቁ ይሆን? ስፌት ከመካከል ተጀምሮ ዙር በዙር እየተጠመጠመ ያድጋል። ሰፌዱ ጠፍጣፋ እንዲሆን ከተፈለገ፥ ዙሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ፥ አዲሱ ዙር ከፊተኛው በርዝመት የሚበልጠው ሁልጊዜ የአንዱን ጥምጥም ውፍረት ስድስት እጥፍ ከሩብ ያህል ነው። ከዚህ ያነሰ ከተጨመረ ጠርዙ ወደ ላይ ተነሥቶ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ከዚህ የበለጠ ከተጨመረ ደግሞ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሸበሸባል። በዚህም ላይ አለላው ስምንት ጫፍ እንዲያወጣ እያንዳንዱን ዙር ለስምንት ማካፈል አለባት። ቁጥሩን በወረቀት አልጻፈችውም፤ ጣቷ ግን አይስተውም። ታዲያ ስሌቱ ውበቱን አደረቀውን? ስሌቱ ቢጎድል እኮ ኮከቡ ራሱ በተጣመመ ነበር!

ሸማኔው ድር እየቆጠረ የሚያወጣውን ጥለት ሕዝቡ «ጥበብ» ብሎ ሰይሞታል፤ ይህን ቃል ለተማረ ሰው ብቻ የምንቆጥብ እኛ የቢሮ ሰዎች ነን። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ አለት የፈለፈሉት ሰዎች በጣሪያው ላይ መስቀልን በመስቀል ውስጥ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲቀርጹ በስሜት ብቻ ተመርተው ነበር የሚል ካለ በአደባባይ እንስማው። ከአለት ላይ በስሕተት የተፈነቀለ ተመልሶ አይለጠፍምና።

የአውሮፓን ሠዓሊዎች ምስክር የሚጠራብን ቢኖር እኛም እንጠራቸዋለን። አልብሬክት ዲውረር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1525 ስለ ኮምፓስና ስለ ማስመሪያ ልኬት መጽሐፍ ያሳተመው፥ የአገሩ ሠዓሊዎች እጃቸው የሠለጠነ ቢሆንም የልኬት ዕውቀት ይጎድላቸዋል ብሎ ነው።

«ልጁ ቀዳ እንጂ አልፈጠረም» የሚለውም ክስ ቀርቧል። ሆላንዳዊው ኤሸር በ1922 እና በ1936 ወደ ግራናዳ ሄዶ በአልሐምብራ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ያሉትን የሸክላ ጌጦች አይቷል፤ በሁለተኛውም ጉዞው ተቀምጦ ቀድቷቸዋል። ቀዳ! ከዚያም በኋላ ነው ዓሣና ወፍ ክፍተት ሳይተዉ እርስ በርሳቸው የሚጋጠሙባቸውን ዝነኛ ሥዕሎቹን ያበዛው። ለእርሱ የተፈቀደው ለአንድ የአገራችን ልጅ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

እርግጥ ነው፥ ኮምፓስ መያዝ ብቻውን ሠዓሊ አያደርግም። ብሩሽ መያዝም እንዲሁ።

የልጁ ወረቀት ዛሬም በዚያው ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚገኝ ሰምተናል። ወጥቶ እንዲሰቀልና ፍርዱም እንደገና እንዲታይ ማመልከቻ ጽፈን ፈርመናል። የቀሩት ዳኞች ይህን ካነበቡ፥ ከፊርማችን በታች ለስማቸው የሚበቃ ቦታ ትተንላቸዋል።